ወደ ቀኝ ነው ያልኩት

ኅዳር 6

የጃንጥላ ዝላይ ክበባችን መዝገብ ቢሮ ነው ያለው፤ እሱ ላይ የሚጻፈው የነፋስ ፍጥነትና የዘላይ ስም ነው። ይኼ ደብተር ግን የራሴ ነው። ከአየር ወለድ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብቻዬን ማውራት አብዝቻለሁ፤ ሰው ሰምቶ «ሃምሳ አለቃ ጫንያለው ለቀቀ» ከሚል ወረቀት ይስማኝ ብዬ ገዛሁት።

ዛሬ መሬት ላይ ዋልን። ዘጠኙንም ልጆች ቡርቃ ጃቶ ባለው ግቢያችን እጃቸውን ሽቅብ አስዘርግቼ፣ ጃንጥላ የያዙ አስመስዬ፣ በኖራ መስመር ላይ ሳስኬዳቸው ዋልኩ። መጀመሪያ ነፋስን ከኋላ አድርጎ መሄድ። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ነፋስን ማቋረጥ። ከዚያ አሁንም ወደ ግራ ታጥፎ ነፋስን በፊት ተቀብሎ ማረፍ። ሁሉም በአንድ በኩል፣ ሁሉም በአንድ ዙር። ባጃጅ ነጂዎቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይስቁብናል። «ኦቦ፣ መቼ ነው የሚበሩት?» አለኝ አንዱ። እናንተ ሰማይ ላይ ብትነዱ ኖሮ ነቀምቴ ላይ ሬሳ ይዘንብ ነበር አልኩት። አጥሩ በሳቅ ተነቃነቀ።

ሕጉ ብዙ አይደለም። ቅድሚያ ለታችኛው ነው፤ የታችኛው ከበላዩ የሚመጣውን አያይምና። መሬት ሲቀርብ መሽከርከር የለም። ፊት ለፊት የተገናኙ፣ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። የመጨረሻው፣ በሰማይ አንድ ቋንቋ። በሬዲዮ «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ሳብ»፤ ሌላ ቃል የለም። ይህን ሰሌዳው ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ከልጆቹ መካከል ኢቢሳ ተነሳ። «ኤሱማ፣ ለምን በኦሮምኛ አይሆንም? አብዛኞቻችን የምናወራው እሱን ነው።»

ጥያቄው ልክ ነው። ቋንቋ ለማበላለጥ አይደለም አልኩት። ቀኝ አንድ ቃል ነው፤ ጆሮ ላይ ያርፋል፣ አለቀ። በኦሮምኛ «ገረ ሚርጋ» ነው የምንለው። «ወደ» የሚለው ይቀድማል፣ ቀኙ ኋላ ይመጣል። ሰማይ ላይ ሁለተኛውን ቃል የሚጠብቅ ጊዜ የለም።

«ሚርጋ ብቻ ብንልስ?»

«አሁን ትላለህ። ስትደነግጥ ግን አፍህ የለመደውን ነው የሚያወጣው።»

ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ።

ኅዳር 9

ድርቤ ዛሬ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ልጄን ከሰማይ እየወረወርከው ነው አሉ» አለችኝ፣ ወገቧን ይዛ። የኢቢሳ እናት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነች፤ አባቱ ሲሞት ልጁ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፣ እኔ ግቢ ነው ያደገው። ለኔ ልጅ አልተሰጠኝም። ኤሱማ የሚለኝ፣ የእናቱ ወንድም ብሎ ስለሾመኝ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ነው የወለደኝ፤ ቢሆንም ከኢቢሳ ጋር ክፍል ውስጥ ካልሆነ አማርኛ አናወራም። ድርቤማ አንድም ቀን አማርኛ አናግራኝ አታውቅም። ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ ገበያ ላይ ከኔ አሳምራ ነው የምትናገረው። «ከሰው ጋር አማርኛ፣ ከቤተሰብ ጋር በቤት ቋንቋ» ትላለች።

ሌላዋ ጎበዝ ሠልጣኝ ሆሳዕና ናት፣ የወይዘሮ በዛብሽ ልጅ። ግራኝ ናት። መጀመሪያ ሳያት ፊቴን አጨማድጄ ነበር። አሁን ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ሳሠለጥናት ቀኝ ያልኳትን ግራ ብላ አታውቅም። ሌላው ሰው ቀኙን ዝም ብሎ ነው የሚያውቀው፣ ግራኝ ግን አስቦ ነው። ይህን ለጂሩ ነገርኩት። ጂሩ የክበቡ ጸሐፊ ነው፣ ሜዳ ላይ ሁለተኛውን ሬዲዮ የሚይዘው እሱ ነው።

ኅዳር 13

ቢላ ልንዘል ሄድን። የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሳሩ ታጭዷል። ሰማዩ ንጹሕ። አምስት ዘለሉ፣ አምስቱም በመስመራቸው አረፉ። ሆሳዕና ከበላይ ነበረች፣ ኢቢሳን አይታ ዙሯን አስረዘመችለት። ወርዳ «ቅድሚያ ለታችኛው፣ ጋሼ» አለችኝ እየሳቀች። እሰይ የኔ ልጅ! ስንመለስ ኢቢሳ መኪናው ውስጥ እስከ ነቀምቴ ሲዘፍን መጣ። ድምፁ አስቀያሚ ነው።

ኅዳር 20

ኢቢሳ የለም።

ጻፍ ጫንያለው። ሳይጠፋብህ ጻፍ።

ሦስት ሰዓት ተኩል። ኢቢሳና ሆሳዕና ተከታትለው ዘለሉ። ጃንጥላቸው በደንብ ተከፈተ። ከዚያ ነፋሱ ተገለበጠ፣ ጨርቁ ዞረ። ሁለቱም ለማስተካከል ሲዞሩ ፊት ለፊት ሆኑ። የማንም ጥፋት አይደለም፣ ነፋስ ነው። ከፍታቸው የሁለት ባሕር ዛፍ ቁመት ቢሆን ነው። ሬዲዮውን አፌ ላይ ለጠፍኩ። ወደ ቀኝ አልኩ። ኢቢሳ ወደ ቀኝ ታጠፈ። እሷ ወደ ግራ። አንድ ጎን ሆኑ። ገመዳቸው ተጠላለፈ።

ጭኔ ላይ ነው ያለፈው፣ መኪናው ውስጥ። ያንኑ መንገድ።

ሆሳዕና እግሯና የጎን አጥንቷ ተሰብሯል። ትተርፋለች ብለዋል።

ወደ ቀኝ ነው ያልኩት።

ኅዳር 21

ቀበርነው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ዘመሩ። ድርቤ አላለቀሰችም፤ የእኔን ኮት እጅጌ ይዛ ቆማ ዋለች። ሰው ሁሉ «ጀባዱ፣ በርቺ» ይላታል፣ እሷ የኔን እጅጌ ትጨብጣለች።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጅቱ ናት አሉ ወደማይሆን ጎን የዞረችው።» ዞሬ ልገስጻቸው አሰብኩ። አልዞርኩም።

ነቀምቴ ላይ ሬሳ ይዘንብ ነበር ያልኩት እኔ ነኝ። ምን አናገረኝ?

ታኅሣሥ 1

ከአዲስ አበባ መርማሪ መጣ፣ ኃይለማርያም የሚባል። ትሑት ሰው ነው፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም። ጂሩም አብሮኝ ተቀመጠ።

«ምን ትእዛዝ ሰጡ?»

«ወደ ቀኝ።»

«ወንዱ ልጅ ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ታጥፏል።»

«እሷስ ለምን ወደ ግራ ዞረች ይላሉ?»

ሰውየው እስክሪብቶውን አንስቶ ይጠብቃል። ዝምታው ሲረዝም አፌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ግራኝ ናት» አልኩ። ጻፈው። ሪፖርቱ ላይ «ሠልጣኟ ግራኝ በመሆኗ በድንጋጤ የለመደችውን እጅ ስባለች» ይላል። ፈረምኩ።

ጂሩ ጫማውን ሲያይ ቆየ። ስንወጣ «እኔ በዚያ ሰዓት ጆሮዬ አውሮፕላኑ ላይ ነበር» አለኝ። ማን ጠየቀው?

ምን ትእዛዝ ሰጡ እንጂ፣ እንዴት አሉት ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያልተጠየቅኩትን አልመልስም።

ታኅሣሥ 7

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ሆሳዕና እግሯ በክብደት ተወጥሮ ተሰቅሏል። ወይዘሮ በዛብሽ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፣ አልቀመጥም ብል አስገደደችኝ።

ልጅቱ ጣሪያውን እያየች «ጋሼ፣ ግራ ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ ያልተባለውን ይሰማል።»

«ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት።»

«ኢቢሳስ? እሱ ወደ ቀኝ አልታጠፈም?»

እንባዋ በጎን ወደ ጆሮዋ ወረደ። «እሺ። እርስዎ ካሉ እሺ» አለች።

ወይዘሮ በዛብሽ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ሃምሳ አለቃ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብን እርስዎ መጡልን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። መንጭቄ ወሰድኩት። ትሕትና መሰላት።

ታኅሣሥ 10

ባጃጅ ውስጥ። ነጂው ለተሳፋሪው፣ «ቀኝና ግራዋን የማታውቅ ልጅ ናት አሉ ያንን የመሰለ ወጣት የበላችው፤ ግራኝ ናት።» አውርደኝ አልኩት። «ገና አልደረስንም ኦቦ።» አውርደኝ ብያለሁ! በመዳፌ የባጃጁን ብረት መታሁት።

እኔ የለቀቅኩት ቃል ነው ከተማውን ዞሮ የመጣው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ታኅሣሥ 13

ምንም።

ታኅሣሥ 16

ድርቤ በር ላይ መጣች። አልገባም አለች፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እንደ ሁልጊዜው በኦሮምኛ።

«ልጅቱን በየጠዋቱ እረግማታለሁ» አለችኝ። «ፓስተሩ ተዪ ይለኛል። ለመጸለይ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣው እርግማን ነው። እናቷን መንገድ ላይ አየኋት፣ ሰላም ስትለኝ ምራቄን ተፋሁ። እኔ እንዲህ ነበርኩ? አንተ ታውቀኛለህ።»

«አልነበርሽም።»

«የሰማው የመጨረሻ ድምፅ ያንተ ነው። ደስ ይለኛል፣ የማያውቀው ሰው ድምፅ ስላልሆነ። ምን አልከው?»

«ቀኝ አልኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «በአማርኛ?»

«አዎ፣ በአማርኛ። ሕጉ ነው።»

«ያኔ ልጅ ሆኖ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲንገዳገድ የጮህክበት ትዝ ይልሃል? እሳት ሲረግጥስ? በሕይወትህ ደንግጠህ ኢቢሳን በአማርኛ ጠርተኸው ታውቃለህ?»

የጠየቀችኝ ለመመርመር አይደለም። ልጇን የጠራሁበት ቃል ናፍቋት ነው፣ እንዲነገራት ፈልጋ። እኔ ግን «ያን ቀን በአማርኛ ነው» አልኳት። ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች። ቅር ብሏት ሄደች።

ታኅሣሥ 17

ሊነጋ ነው። ወፎቹ ጀምረዋል። ከአልጋዬ የተነሳሁት ለመጻፍ ነው፤ ሳልጽፈው ዛሬ ከቤት አልወጣም።

እዚህ ደብተር ላይ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። «ወደ ቀኝ ነው ያልኩት» ይላል። ውሸት አይደለም። አይ ጫንያለው! ትርጉሙን ጻፍክ እንጂ ቃሉን አልጻፍክም።

ቃሉ «ገረ ሚርጋ» ነው።

የማየው ኢቢሳን ነበር። ሁለት ልጅ ነው ሰማይ ላይ የነበረው፣ እኔ ግን አንዱን ብቻ ነው ያየሁት። ጉድጓድ አፍ ላይ የነበረው ልጅ ነው የታየኝ። አፌ የለመደውን አወጣ። ገረ አልኩ። እሱ የቤቱን ቋንቋ ሰማ፣ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ። እሷ ጆሮዋን ለሦስት ቃል ነው የሳልኩላት፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ሳብ። እዚያ ነፋስ ውስጥ፣ በዚያ ሬዲዮ፣ ገረ ማለት ግራ አይደለም? ሁለተኛው ቃል ሲመጣ እጇ ስቧል። ሁለተኛውን ቃል የሚጠብቅ ጊዜ የለም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንዳስተማርኳት ነው ያደረገችው።

ከሁሉ የሚብሰውን ደግሞ ልጻፈው። ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ሕጉን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁት ነበር። ሬዲዮውን ባላነሳው፣ ዝም ብል፣ ሁለቱም ወደ ቀኝ ታጥፈው ያርፉ ነበር። ኢቢሳ እየዘፈነ ይመለስ ነበር።

አለቀስኩ። ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን።

ታኅሣሥ 22

ለጂሩ ነገርኩት። አልደነገጠም። «አውቃለሁ» አለ። «አጠገብህ ነበርኩ እኮ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ? ልጅህን የገደልከው አንተ ነህ ብዬ?» ከዚያ ለስለስ አለ። «ተወው ጫንያለው። ልጁ አይመለስም። ለድርቤ ካንተ በቀር ማን አላት? ልጅቱ ወጣት ናት፣ ይረሳላታል። ሆድ ይፍጀው።»

መልካም ምክር መሰለኝ። ተመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁ። ስድስት ቀን መልካም ምክር ሆኖ ቆየ።

ታኅሣሥ 28

ነገ ገና ነው። ሆሳዕና ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ልጠይቃት ሄድኩ። ክበቡ ቢሮ የቀረውን የዝላይ ደብተሯን ለመስጠት ነው የሄድኩት፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ይህን ለራሴ አልዋሽም።

ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ግራ እጇ በነጠላ ከወገቧ ጋር ታስሯል። እሱም ተሰብሯል እንዴ ብዬ ጠየቅኩ።

ወይዘሮ በዛብሽ ፊቷን አዞረች። «ደህና ነው እጁስ። ራሷ ናት ያሰረችው። ማታ ካልሆነ አትፈታውም። በቀኟ መጻፍ ትለማመዳለች። ከበዓሉ በኋላ ደብረ ማርቆስ እህቴ ዘንድ ልሰዳት ነው፣ እዚህ ከተማ መኖር አልቻለችም። ግራኟ መጣች ይሏታል ሱቅ ስትሄድ።»

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። የራሷን ስም ነው የጻፈችው፣ ሃያ ጊዜ ያህል፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስላል። «እየተሻለኝ ነው ጋሼ» አለችኝ። «እኔ ከእንግዲህ አልዘልም፣ ግን ይቺ እጅ ሌላ ሰው እንዳትጎዳ ብዬ ነው።»

ግራ ገባኝ ይላል ሰው። እኔ ዛሬ ነው ግራ ምን እንደሆነ የገባኝ። ደብተሯን ሰጥቻት ወጣሁ። 

ጥር 1

ድርቤን እሁድ ከኔ ጋር አንድ ቤት ትመጫለሽ አልኳት። የማን ቤት እንደሆነ ስነግራት አጥሩን ለቃ ገባች። ከሰዓት ተመልሳ መጣች። «አንተ ካልክ እመጣለሁ» አለችኝ።

ሁሉም እኔ ካልኩ ይላሉ።

ጥር 3

ሄድን። ድርቤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ። ወይዘሮ በዛብሽ ምን ልታቀርብ እንደምትችል ጠፍቷት ትቆማለች፣ ትቀመጣለች። ሆሳዕና ድርቤን ስታይ ፊቷ ነጣ፣ በአንድ እግሯ ተነስታ እግሯ ስር ልትወድቅ ስትል «ተቀመጪ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰል፣ ወይዘሮ በዛብሽም ተቀመጠች።

ቆሜ ተናገርኩ። እንደ ወታደር፣ አጭር አድርጌ። ቀኝ ያልኩት በኦሮምኛ ነው። ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ። ግራኝ ናት ብዬ ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷ የሰማችውን ነው ያደረገችው።

ወይዘሮ በዛብሽ አፏን በእጇ ያዘች። ሆሳዕና የምሰማው ምንድን ነው በሚል ታየኛለች፣ ገና አልገባትም።

ድርቤ ናት የተናገረችው፣ በኦሮምኛ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «በለው።»

«ምኑን?»

«የጠራኸውን። እንደዚያን ቀን አድርገህ። ልስማው።»

አልችልም አልኳት። ጠበቀች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሜዳውን አየሁት፣ ጨርቁ ሲዞር፣ ልጁን አየሁት። ከሆዴ ጮህኩ።

«ገረ...»

ሁለተኛው ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ የሆሳዕና ግራ እጅ ነጠላውን ይዞ ወደ ታች ስቦ ቆሟል፣ እስከ ጭኗ። ራሷም አላወቀችም። ጎንበስ ብላ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየዋለች።

ድርቤ አየችው። ሁላችንም አየነው።

ተነሳች። ልጅቷ ፊት በርከክ ብላ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ጠብቆ ነበር፣ በጥርሷ ነው የፈታችው። ከዚያ ያንን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ልጇ ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ዛሬ ነው። ሆሳዕናም ጮኻ አለቀሰች። ወይዘሮ በዛብሽ ሁለቱን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ። አንድ እርምጃ ወደ እነሱ ተራመድኩ። «ድርቤ» አልኩ።

ቀና አለች፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም፣ ከኋላዬ በሩ ላይ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሰምተናል። ይሂዱ» አለችኝ።

አማርኛዋ እንከን አልነበረበትም።

ወጣሁ። አሁን ለኃይለማርያም ሪፖርቱን እንደገና እየጻፍኩ ነው፤ ነገ በፖስታ ይሄዳል። ግራኝ የሚለው ወጥቷል። በአጥሩ በኩል የድርቤ መብራት ይታየኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አማርኛ አናግራኝ አታውቅም ነበር።